የአራት ሰዓቱ ፉጨት

ዛፍ ላይ ዓሣ አየሁ ብዬ ሰፈሩን በሙሉ ያስወጣሁ ሰው ነኝ። እመኑኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ይሄን ግን በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት... ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ... አይጦቹ ክፍል ውስጥ።

ሥራዬ የምርምር አይጦችን ማብላትና ሳጥናቸውን ማጽዳት ነበር። ዶክተሯ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ይወጓቸዋል። መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚሉትን ነገር ይቀሰቅሳል አሉ። መጀመሪያ ትንሽ ይቅበጠበጡ ነበር። በሦስተኛው ወር ያችው የመድኃኒት ጠብታ ታሳብዳቸው ጀመር... አንገት ወደ ግራ ቀልሶ መዞር፣ መዞር፣ መዞር።

«ስትገባ ድምፅ እንዳታሰማ» ብለውኝ ነበር። «ከመርፌው ጋር የለመዱት ድምፅ ራሱ መርፌ ይሆንባቸዋል።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። እሳቸው ወዲያኛው ክፍል ጓንት እስኪያጠልቁ፣ ቀድሜ እገባና አፏጫለሁ።

መርፌው ቆመ። ሁለት ወር አለፈ።

አንድ ቀን ሳፏጭ... ያለ መርፌ ሁሉም ይዞሩ ጀመር።

ሮጬ ዘበኛውን ጠራኋቸው። «ጋሼ፣ ይምጡ! ሰርከስ በነፃ!»

አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«አንተ ልጅ፣ ተው...» አሉ በሹክሹክታ። «ያቺ እግሯን እየበላች ነው።»

ሰባተኛው ሳጥን ውስጥ ያለችው ናት። ኩራተኛ ስለሆነች «እሜቴ» እላታለሁ።

እየሳቅኩ ማፏጨቴን ቀጠልኩ።

በማግስቱ እሜቴ ሞታ አደረች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ ዶክተሯ። «ያኔ መድኃኒቱን አብዝቼባት ነው። ሥራውን ልተወው ነው።»

የእሜቴን ሳጥን አንስቼ ላጥብ ወጣሁ።

ሦስት ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ። በአራተኛው፣ አራት ሰዓት ላይ ገባሁ። ዶክተሯ ጀርባቸውን ሰጥተው ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። አይጦቹ ተኝተዋል።

«ዶክተር... እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። አፏጭባቸው ነበር። ለሳቅ ብዬ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የያዙትን ዕቃ ሻንጣ ውስጥ ከተቱ።

ከዚያ ፉጨት ተሰማ። አይጦቹ ተነስተው መዞር ጀመሩ።

«ኧረ ባክህ፣ አሁን እንኳ ተው!» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

«ዶክተር... እኔ አይደለሁም።»

ዘወር ብለው አዩኝ። አፌን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

ፉጨቱ አልቆመም። ዜማው የኔው ነው።

እኔው አጥቤ ባደረቅኩት፣ ባዶው ሰባተኛ ሳጥን ውስጥ... አዲስ ያነጠፍኩት ሰጋቱራ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዞራል።