ከአዴ ጠይባ ቧንቧ የተቀዳው ጸበል

መክሊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤታቸው አሰላ ነው፣ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከጎረቤታቸው ከአዴ ጠይባ ግቢ አጠገብ። አባቷ መርሻ የኮምባይነር ረዳት ነው። ስንዴ ሲደርስ ኢተያ ሄዶ ሳምንት ሳምንት ይቆያል። ያን ጊዜ ቤት የሚቀሩት መክሊት፣ እናቷ የውብዳርና ትንሹ ናቲ ናቸው። ናቲ ስምንት ወሩ ነው። ሁለት ጥርስ አለው፤ በሁለቱም ይነክሳል።

ልጆች፣ ናቲ አንድ ሐሙስ ታመመ። አስቀመጠው፣ አስመለሰው። እናቱ እርግብግቢቱን በጣቷ ስትነካው ጎድጎድ ብሏል። የእናት ሆድ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እንዴት እንደሚሆን እናንተ ገና አታውቁም። አዝላው ጤና ጣቢያ ሮጠች።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሲስተር መሰረት ናት። አገሯ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሥራ ነው አሰላ ያመጣት። እሁድ እሁድ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት መክሊትን ታስተምራለች። የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠቻትና፣ "ውሃውን አፍልተሽ አቀዝቅዢው። በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሳትሰለቺ ስጪው" አለቻት።

የውብዳር ሳትሰለች ሰጠች። አርብም ዋለ፤ ናቲ ግን አልተሻለውም። ቅዳሜ ጠዋት መክሊትን ጠራቻት።

"መክሊቴ፣ ሮጠሽ ጸበል ቅጂልኝ። ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ ቀጥ ብለሽ ነይ። የትም እንዳትቆሚ።"

"እሺ እማዬ።"

መክሊት ባዶ ሃይላንድ ይዛ ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ቆማ ቆማ ተራዋ ደረሰ፣ ቀዳች፣ ተመለሰች። እዚህ ድረስ ጎበዝ ናት አይደል?

መንገድ ላይ ግን ጓደኛዋ ኦብሴ ሰኞ ማክሰኞ አስምራ ትጫወታለች።

"ነይ፣ አንድ ዙር" አለቻት።

"አልችልም። ተልኬ ነው።"

"ተልኬ ነው ትላለች። ባለፈው ያሸነፍኩሽ ትዝ ብሎሽ ነው እንጂ።"

መክሊት ይህን መስማት አልቻለችም። ጠርሙሱን ከድንጋይ አጠገብ አቆመችው። ክዳኑን ደህና አድርጋ አላጠበቀችውም። አንዱ ዙር ሁለት ሆነ፤ ሁለቱ አራት ሆነ። ዞር ስትል አንድ በግ ጠርሙሱን ጥሎት አልፏል። ጠርሙሱ ተጋድሟል፤ መሬቱ ርሷል።

ልመለስ? ሰልፉ ረጅም ነው። እማዬ ትጠብቃለች። እንዲህ ስታስብ የአዴ ጠይባ በር ክፍት ሆኖ አየች። ቧንቧው ከበሩ ሥር ነው። ገባችና ጠርሙሱን ሞላች።

አዴ ጠይባ ምንጣፍ ታጥባለች። ቀና ብላ አየቻት።

"ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ቤታችሁ ውሃ ጠፋ?"

"አዎ፣ ጠፋ።"

አያችሁ ልጆች? አንዱ ውሸት ወንድሙን ጠራ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሳመችው። አማተበችና የናቲን ፊት አበሰችው፤ በማንኪያም አቀመሰችው። መክሊት ወለሉን ታያለች።

እሁድ ናቲ አይኑን ገለጥ አደረገ። ሰኞ ጠዋት የመክሊትን አፍንጫ ነከሰ።

የውብዳር እልል አለች፣ ደግሞም አለቀሰች። "ባንቺ እጅ የመጣው ጸበል ነው" እያለች የመክሊትን ራስ ሳመች። ለጎረቤቱም፣ ለሱቁም፣ በስልክ ለመርሻም ተናገረች።

ደስ ይላል አይደል? መክሊት ግን እንደ እናቷ መደሰት አልቻለችም። ጸበል እንዳልነበረ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ታዲያ ናቲን ማን አዳነው? ዱቄቱ ነው? ቧንቧው ነው? እግዚአብሔር ሰምቶ ነው? ወይስ የሰማ ማንም የለም? ማታ ከእናቷ ጋር ለጸሎት ስትቆም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ልቧ ግን አይከተላትም። ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣባት። እውነቱን ብናገር ናቲ መልሶ ይታመም ይሆን?

በዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ልማድ አለ። አንድ ቤት ምስጋና ሲኖርበት ዳቦ ጋግሮ ያመጣል። ዳቦው ሳይቆረስ በፊት የዚያ ቤት ልጅ ተነስቶ ምክንያቱን ይናገራል። የውብዳርም፣ "ለእሁድ ዳቦ እጋግራለሁ፤ ጸበሉ እንዴት እንዳዳነው አንቺ ትናገሪያለሽ" አለቻት።

ቅዳሜ አዴ ጠይባ ወተት ይዛ ናቲን ልትጠይቅ መጣች።

"ጸበል ነው ያነሳው፣ አዴ ጠይባ" አለች የውብዳር። "ባለፈው ቅዳሜ መክሊት ናት ሮጣ ያመጣችው።"

አዴ ጠይባ መክሊትን አየቻት። ስትወጣ መክሊት እስከ በር ተከተለቻት።

"አዴ ጠይባ፣ አይንገሩብኝ።"

"እኔ ምን አገባኝ? ውሃው የኔ ነው፤ ወሬው ግን ያንቺ ነው።" ዞር ብላ አየቻት። "እንቅልፍ ይወስድሻል?"

"አይወስደኝም።"

"እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ?" አለቻትና ሄደች።

እሁድ ደረሰ። ድፎው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሽታው አዳራሹን ሞልቶታል። ልጆቹ መምህራቸውን ትተው ዳቦውን ያያሉ። የውብዳር ናቲን ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች።

"መክሊት፣ ተነሽና ንገሪን" አለች ሲስተር መሰረት።

ተነሳች። ከዋሸች ዳቦው ይቆረሳል፣ እናቷም ደስ ይላታል። ግን የምትዋሸው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፣ ያውም በእግዚአብሔር ስም።

"ወንድሜ ታሞ ነበር። እማዬ ጸበል ላከችኝ። ቀዳሁ…" አለች።

"ከዚያስ?" አለ ከልጆቹ አንዱ፣ ብሩክ፣ አይኑን ከዳቦው ሳያነሳ።

"ከዚያ ስጫወት ደፋሁት። ከአዴ ጠይባ ቧንቧ ቀድቼ ጸበል ነው አልኩ። ናቲ ዳነ። አሁን ማን እንዳዳነው አላውቅም።" እንባዋ መጣ። "እግዚአብሔር ይስማን አይስማንም አላውቅም።"

ሲስተር መሰረት መጥታ ከፊቷ በርከክ አለች።

"ይህን ጥያቄ ለራሱ ለእግዚአብሔር ነግረሽዋል?"

"ይቆጣኛላ።"

"እኔ ስትነግሪኝ ተቆጣሁ?"

መክሊት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"ስሚኝ። ያን ዱቄት ለስንት ሕፃን ሰጥቻለሁ። ከመስጠቴ በፊት አማትባለሁ። አንዱ በማግስቱ ይነሳል፤ አንዱ አይነሳም። ያልተነሳ ቀን፣ ለምን እያልኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣልኝም። ግን ጥያቄዬን ይዤ ሌላ ዘንድ አልሄድም። እሱው ዘንድ ነው የምሄደው።"

"ታዲያ ናቲን ማን አዳነው?"

"ዱቄቱንም ጸበሉንም የሰጠን አንድ እሱ ነው። ጸበልሽ መሬት ላይ ፈሰሰ እንጂ እሱ አብሮ አልፈሰሰም።"

ከኋላ የእግር ኮቴ ተሰማ። የውብዳር ናት። መክሊት አይኗን ጨፈነች።

"ስለዋሸሽኝ አዝኜብሻለሁ" አለች እናቷ።

"ይቅርታ እማዬ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔም ያን ጠርሙስ ስስም፣ እግዚአብሔር ባይሰማኝስ እል ነበር። አፍሬ ነው ለማንም ያልተናገርኩት።"

መክሊት አይኗን ገለጠች። እማዬም? ከጀርባዋ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ መሰላት። ናቲ እጁን ዘርግቶ ጸጉሯን ያዘ፤ ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም።

"እና ዳቦው ይቆረስ?" አለ ብሩክ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ መክሊትም ሳቀች።

በማግስቱ መክሊት ከትምህርት ቤት መልስ ጸበል ለመቅዳት ሄደች። ስትመለስ ኦብሴ፣ "አንድ ዙር?" አለቻት።

"አድርሼ ልምጣ" አለች፤ ክዳኑንም አጠበቀች።

አዴ ጠይባ በሯ ላይ ቆማለች። ትናንት የተላከላትን ዳቦ በልታለች።

"ዛሬስ ከየት ቀዳሽ?" አለቻት።

"ከራሱ ቦታ" አለች መክሊት፣ እየሳቀች።

ያን ቀን ማታ ለጸሎት ስትቆም፣ "ጌታዬ፣ ጥያቄዬ ገና አላለቀም፤ ግን ላንተ ነው ያመጣሁት" አለች። ከዚያ ተኛች፤ እንቅልፍ ወዲያው ወሰዳት።

ልጆች፣ ጥርጣሬ ሲመጣባችሁ በውሸት አትሸፍኑት፤ እንደያዛችሁት ወደ እግዚአብሔር ቅረቡ፣ እሱ የሚጠይቀውን ልጅ አያባርርም።