በሻርፕ የተያዘው ወንበር

የፊልም ፌስቲቫሉ በተከፈተ ሰሞን የውብርስት ሥራ ቀላል ነበር። ጠዋት የፕሮግራም ወረቀት ታጥፋለች፣ ለእንግዶች ባጅ ታድላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሮጌው ሲኒማ አዳራሽ ገብታ ከተመልካቹ መሃል ትቀመጣለች። ለሦስተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ሰዎች ፊልም አብረው ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ ነውና፣ ተለማማጅ ሆና የገባችውም ለዚሁ ነው፤ ማን ቀድሞ ይስቃል፣ ማን እንባው ሲመጣ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፣ ማን በጨለማው የማንን እጅ ይይዛል። ስለ አብሮነት የምታጠናዋ ሴት ግን ከደብረ ማርቆስ ከመጣች ጀምሮ ምሳዋን ብቻዋን ነበር የምትበላው።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። መድኃኒቱ ሲጠፋ ግን ሰው ያገኘውን ይውጣል።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም የሚገባው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወጣት ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ «ሰው አለው?» ቢላት፣ ብቻዋን መምጣቷ እንዳይታወቅባት አፍራ፣ «አዎ፣ አለው፤ እየመጣች ነው» አለችው። ሰማያዊ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃም መደገፊያው ላይ ጣል አደረገች። ነውር የለውም፤ አገሩ በሙሉ ለዘገየ ወዳጁ ቦታ የሚይዘው እንደዚሁ ነው። ውብርስት ግን የሚዘገይባት ወዳጅ አልነበራትም። ቢሆንም ውሸቱ ጣማትና በየቀኑ ደገመችው።

የአዳራሹ ወንበሮች ሰው ሲነሳ በብረት ሞላ ተስበው የሚታጠፉ፣ ሻርፕ ቀርቶ ወፍራም መጽሐፍ ቢጭኑባቸው የማይዘረጉ ነበሩ። አንድ ከሰዓት መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ እንደጀመረ፣ አርፍዶ የመጣ ጨዋ ሰው ሌላውን እንዳይረብሽ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ እንደሚሆነው፣ የጎኗ ወንበር የብረት ሞላ ረጅም ሲጢጥታ አሰማ። መብራት ሲበራ ወንበሩ ተዘርግቶ፣ ሻርፑም ከመደገፊያው ወርዶ ላዩ ላይ ነበር። «ሞላው ላልቷል» አለች ለራሷ።

በማግስቱ ከዚያው ወንበር፣ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ሣጥን ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት የታፈነ የጨርቅ ሽታ መጣ። ከሽታው ጋር ትንፋሽም ነበረ፤ ሕዝቡ በሳቅ ሲፈነዳ ዝም የሚል፣ እሷ ስትስቅ ግን ትንሽ ቆይቶ፣ ሳቅ እንደሚማር ሰው የሚቆራረጥ ትንፋሽ። ውብርስት ዞራ አላየችም። ፈርታለች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስም ብሏታል። ክንዷን ከማረፊያው ላይ አንስታ ቦታ ለቀቀች።

ከዚያ በኋላ በር ላይ ትኬት የሚቀበሉት ጋሽ ደሳለኝ፣ «ጓደኛሽ ቀድማሽ ገብታለች» ይሏት ጀመር።

«የትኛዋ ጓደኛዬ?»

«ያቺ ቁርጥ አንቺን የመሰለችው ናታ! እህትማማቾች አይደላችሁም እንዴ?»

ሽማግሌው ይቀልዳሉ ብላ ሳቀች።

ከሰላምታ ያለፈ ነገር ነግራት የማታውቀዋ የፌስቲቫሉ አስተባባሪ ረቂቅ ደግሞ፣ አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ ጥምጥም ብላባት፣ «ትናንት ያወራሽኝ ነገር እኮ በሳቅ ገደለኝ! የመዝጊያውን ፊልም የግድ አብረን ነው የምናየው» አለቻት። ውብርስት ትናንት ከረቂቅ ጋር አላወራችም። አንድ ቃል አልነገርኩሽም ማለት ነበረባት። ነገር ግን ሰው እንዲህ ካቀፋት ስንት ጊዜዋ! ያላወራችውን ወሬ የራሷ አድርጋ ተቀበለች።

«እሺ፣ ቦታ እይዝልሻለሁ» አለች። ያን ዕለት በደስታ ብዛት ሻርፗን አዳራሹ ውስጥ ረስታ ሄደች።

በመዝጊያው ከሰዓት ጋሽ ደሳለኝ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት። «ትኬትዎን፣ የኔ እመቤት?» አሏት፣ አይተዋት እንደማያውቁ ሁሉ። ባጇን ከደረቷ ላይ አንስታ አሳየቻቸው። ስሟን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና፣ እያመነቱ አሳለፏት።

አዳራሹ ገና በግማሽ መብራት ነበር። ከእሷ ወንበር ቀጥሎ ባለው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ሰማያዊው ሻርፕ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፣ ፊቷ ግን መብራቱ በማይደርስበት በኩል ነው። ውብርስት ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ሮጣ ብትወጣ ረቂቅ መጥታ ታጣታለች፤ ከዚህ ሁሉ ብቸኝነት በኋላ ያገኘቻትን አንዲት ሰው ማጣት ከሁሉም የባሰ መሰላት። ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ በሹክሹክታ፣

«እባክሽ ቦታውን ልቀቂልኝ» አለች። «አሁን ሰው አግኝቻለሁ።»

ትንፋሹ ቆመ። ወንበሩ ግን አልታጠፈም።

ወዲያው ረቂቅ በመደዳው መሃል ሰዉን ይቅርታ እያለች፣ ፈገግታዋ ከሩቅ እየታየ መጣች። ውብርስት እጇን አውለበለበች፤ «እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸችም። የረቂቅ ዓይን በላይዋ አልፎ ከጎኗ ያረፈ መሰላት።

«ውብርስትዬ! ቦታ ያዝሽልኝ?»

«ይኸው፣ ማንም የለበትም» የሚል የራሷን ድምፅ ከጎኗ ሰማች፤ ረቂቅም ቦርሳዋን ውብርስት ጭን ላይ አስቀምጣ ጃኬቷን ማውለቅ ጀመረች።