የካፒቴን ሌክሲ ቱናዎችና ዝም ያለው ዘበኛ

ሬሳዎቹ ጠፉ።

የሰው ሬሳ እንዳይመስላችሁ። ቱናዎች ናቸው። ግን ቢቱንግ ወደብ ላይ አንድ ሰውና አንድ አንደኛ ደረጃ ቱና በአንድ ቀን ቢጠፉ፣ ቀድሞ የሚፈለገው የትኛው እንደሆነ ባይነገር ይሻላል።

ካፒቴን ሌክሲ ሰኞ ጠዋት ዓሣዎቹን ሊሰናበት መጣ። ልማዱ ነው። ያጠመደው ትልቅ ቱና ባሕር ማዶ ከመላኩ በፊት ጭንቅላቱን መታ መታ ያደርገዋል። የቀዝቃዛው መጋዘን በር ተከፈተ። ጉሙ ወጣ። መደርደሪያው ባዶ ነው።

"ዓሣዎቼስ?"

ዮላ ሉሞዋ ኮምፒዩተሯን ከፈተች። የመጋዘኑን ዳታቤዝ የምትጠብቀው እሷ ናት። እዚህ የገባ ዓሣ ሁሉ፣ የት እንዳለና ምን ደረጃ እንዳገኘ እሷ በምትጠብቀው ሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል። ከካፒቴኑ ዓሣዎች ጎን የተጻፈው ይህ ነበር፦ ውድቅ። ለጭስ ቤት ወጥቷል። ጭስ ቤት ለውጭ ገበያ የማይሆን ዓሣ በጭስ የሚደርቅበት ነው።

"ውድቅ? የኔ ዓሣ?" ካፒቴኑ ስክሪኑን በጣቱ ወጋው። "ዮላ፣ ደረጃ መዳቢው ሥጋውን አይቶ እጄን ጨብጦኝ የለም እንዴ!"

"አንደኛ ደረጃ ብሎ ሲያስገባ እኔም አይቻለሁ። አንድ ሰው ለውጦታል።"

"ማን?"

"ቆይ፣ ዘበኛው ይነግረናል።"

ዘበኛ የምትለው ሰው አይደለም። የሙያው ሰዎች ትሪገር ይሉታል፤ ሰንጠረዡ ላይ የተተከለ ትእዛዝ ነው። ማንም ሰው አንዲት መስመር በነካ ቁጥር ራሱ ብድግ ይልና፣ እገሌ ይህን ለወጠ ብሎ "ማኅደር" በሚባል ሌላ ሰንጠረዥ ላይ ይጽፋል። የሠራችው ዮላ ናት። ስለ እሱ ስታወራ ልጇን እንዳስመረቀች እናት ያደርጋታል። ጎረቤቶቿ ሰልችቷቸዋል።

ማኅደሩን ከፈተች።

ስለ ካፒቴኑ ዓሣዎች መለወጥ አንዲት ቃል የለም።

ሥራ አስኪያጁ ሄንግኪ ቱምቤል ከኋላዋ ቆሟል። ሽቶው ሁልጊዜ ከእሱ ቀድሞ ነው የሚገባው።

"ዘበኛዬ አይተኛም ስትይ አልነበር?"

"አይተኛም።"

"እንግዲያው የጻፈውን አንድ ሰው አጥፍቶታል ማለት ነው። ከማኅደሩ ላይ ማጥፋት የሚችለው ማነው?"

እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ መልሱን ያውቃል። እሷ ብቻ ናት።

ከምሳ በፊት ወረቀት ተዘጋጅቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። ማስረጃ አጥፍቻለሁ ይላል።

"ፈርሚና በሰላም ተሰናበቺ" አለ ሄንግኪ። "እምቢ ካልሽ ፖሊስ ነው።"

"ጥራ።"

"ምን አልሽ?"

"ስልኩ ያው እዚያ ነው። ካልደወልክ እኔ እደውላለሁ። አልፈርምም።"

ደወለችም።

ሳጅን ማንዳጊ የተጠበሰ ሙዝ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ሚጥሚጣ የሚያስንቅ ዳቡ-ዳቡ የሚባል የቃሪያ ማባያ ደርቦበት መጣ። የሞተር ጀልባ ሌባና የአሳማ ሌባ በመያዝ ስሙ የተጠራ ነው። ኮምፒዩተር የሰረቀ ይዟል፤ በኮምፒዩተር የሰረቀ ግን ገና አልገጠመውም። ዮላ ከልጅነቱ ታውቀዋለች፤ የአባቷን ማንጎ ሲሰርቅ ይዛው ነበር። አክስቴ ለማለት ታንታ ይላታል።

"ታንታ ዮላ፣ ዛሬ ደግሞ ተራው የእርስዎ ሆነ?"

"ማንጎውን ከመለስክ በኋላ ጠይቀኝ።"

መጀመሪያ የተጠረጠረው ኦኔስ ነበር፤ ፎርክሊፍት ነጂው። ወንድሙ ጭስ ቤት አለው።

"ዓሣዎቹ ሲወጡ የት ነበርክ?"

"ቤተ ክርስቲያን። መዘምር ነኝ።"

"ምስክር አለህ?"

"ድምፄን የሰማ ሁሉ። እስካሁን ይቅር አላሉኝም።"

ሳጅኑ ጭስ ቤቱ ድረስ ሄደ። በገመድ የተሰቀለው ሁሉ ክንድ የማያህል ትንንሽ ዓሣ ነው። "ቱና እዚህ ብሰቅል ጣሪያው አናቴ ላይ ይወርዳል" አለ የኦኔስ ወንድም። እውነቱን ነበር።

መዳቢውም ተጠየቀ። ከእያንዳንዱ ዓሣ በቀጭን ብረት መዝዞ ያስቀራትን ሥጋ ከማቀዝቀዣው አውጥቶ አሳየ። ደም የመሰለ ቀይ። ውድቅ የሚባል አይደለም። የበሩ ጥበቃስ? እሱ የሚያየው ስክሪን ነው። ለጭስ ቤት ይላል፤ ፒካፕ መጣ፤ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ አሳለፈ።

ሳጅኑ ተመልሶ ከዮላ ፊት ተቀመጠ። ሙዙ ቀዝቅዟል።

"ዞሮ ዞሮ ነገሩ እርስዎ ጋ መጣ፣ ታንታ። እስከ ነገ ሌላ ሰው ካላሳዩኝ ይዤዎት መሄዴ ነው። እኔም ደስ አይለኝም፤ እናቴ ትገድለኛለች።"

"ዘበኛዬ አይተኛም።"

"የማይተኛ ዘበኛ አይቼ አላውቅም። ጣቢያችንንም ጨምሮ።"

በዚህ መካከል በሩ ላይ አንድ ሰው ሞተር ብስክሌቱን አቆመ። የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ገባ። ዕቃ አዳይ ነው። ላብ በላብ ሆኗል።

"ይቅርታ፣ ታንታ ሜይ የሚባሉ ሴት እዚህ አካባቢ አሉ?"

ሳጅኑ ፖስታውን ተቀብሎ አነበበ። "ለታንታ ሜይ፣ ከድሮው በረዶ ፋብሪካ ጀርባ፣ ማንጎው ሥር።" ቀና አለ። "ምኑ ጠፋህ? ይኸውልህ አድራሻው!"

"የትኛው በረዶ ፋብሪካ? የትኛው ማንጎ? እኔ ከሱራባያ ከመጣሁ ገና መንፈቅ አልሞላኝም።"

"ቢቱንግ ውስጥ ታንታ ሜይን የማያውቅ አለ?"

"እናንተ ታውቋታላችሁ። አድራሻ የሚባል ነገር ግን አትጽፉም!"

ዮላ ሳታስበው ጠየቀችው። "ያላገኘኸውን ዕቃ ምን ታደርገዋለህ?"

ሰውየው ወደ ፖሊሱ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምን አደርጋለሁ፣ ደረሰ ብዬ እዘጋዋለሁ። አለቃዬ ሥራ እንዳይቆም ብሏል። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።"

ዮላ ከሳጅኑ ሙዝ አንዱን አንስታ ነበር። እንደያዘችው ቀረች። ዳቡ-ዳቡው በክንዷ ወረደ።

"ታንታ? ምን ሆኑ?"

"ደደብ ነኝ" አለች። "ና፣ ተከተለኝ።"

በራሷ ስም ገብታ የሙከራ መስመር ለወጠች። ዘበኛው ማኅደር ላይ ጻፈ። ቀጥሎ ያንኑ መስመር በሌላ በር ለወጠችው። ሱራባያ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት የቢቱንግን ሰንጠረዥ ከራሱ ዳታቤዝ ሆኖ የሚያይበትና የሚያርምበት ድልድይ አለ፤ ለእሷም የሙከራ ቁልፍ ተሰጥቷታል። በድልድዩ መጣች፣ ለወጠች፣ ማኅደሩን ከፈተች።

ስለ ሁለተኛው ለውጥ ምንም አልተጻፈም።

"አሁን እንደ ሰው ያስረዱኝ" አለ ሳጅኑ።

"ዳታቤዙ ውስጥ ስኪማ የሚባሉ ክፍሎች አሉ። ዘበኛዬን ማኅደር ላይ ጻፍ አልኩት። ማኅደሩ በየትኛው ክፍል እንዳለ አልነገርኩትም። ምን ያስነግረኛል፣ እዚህ ሁሉም ያውቀዋላ! እዚህ ሆኖ ለሚገባ ሰው እነዚህን ክፍሎች ፈልግ የሚል መንገድ ተሰጥቶታል። ዘበኛው በዚያው መንገድ ሄዶ ያገኘዋል።"

"በድልድዩ የመጣስ?"

"ድልድዩ ለጥንቃቄ ሲል ያንን መንገድ ይነጥቀዋል። ከማሽኑ የራሱ ክፍል በቀር ሌላ አይታየውም። ዘበኛው ደግሞ የሚሄደው በመጣው ሰው መንገድ ነው። ማኅደር፣ ማኅደር እያለ ይፈልጋል፤ ያጣዋል።"

"ታዲያ ለምን አይጮህም?"

ዮላ ወረቀቱን፣ ያንን ያልፈረመችውን፣ በክርኗ ገፋችው።

"እንዳይጮህ ተነግሮታል። አንድ ጊዜ ማኅደሩ ተበላሽቶ ዘበኛው ሥራውን ሁሉ አስቆመ። መኪናው ግቢው ውስጥ ተሰለፈ፣ በረዶው ቀለጠ። ቦስ ሄንግኪ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማኅደር ኖረም አልኖረም ሥራ አይቁም አለ። እኔም እጄን አጣጥፌ፣ ካላገኘኸው ዝም ብለህ አሳልፍ ብዬ ጻፍኩለት።"

ሳጅኑ በሩ ላይ ላብ ሲጠርግ የነበረውን ዕቃ አዳይ በመስኮት አየ። "ደረሰ ብሎ ይዘጋል።"

"አየህ! ማንም ምንም አላጠፋም። መጀመሪያውኑ አልተጻፈም። ሌባው የመጣው በድልድዩ ነው።"

"ቁልፉ ያላቸው እነማን ናቸው?"

"ከእኔ የሙከራ ቁልፍ ሌላ፣ የሱራባያ ሹማምንትና የየቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጆች።"

ሳጅኑ ቆቡን አነሳ። "ልሂድና ሰብስቤ ላስገባቸው።"

"ተቀመጥ! ቁልፍ መያዝ ወንጀል ነው እንዴ? ሌባ እጁ ሰንጠረዡ ላይ ሳለ ነው የሚያዘው።"

ቁጭ ብላ ለዘበኛው ሙሉ አድራሻውን ጻፈችለት፤ ማኅደሩን ከነክፍሉ ስም። ከየትም በኩል ይምጡ፣ መንገዱን ይንጠቁት አይንጠቁት፣ ከእንግዲህ አይጠፋውም። በድልድዩ ዞራ ሞከረችው። ጻፈ።

"ለማንም እንዳትናገር።"

"ለሚስቴስ?"

"ለእሷማ በፍጹም።"

ከሰዓት በኋላ ሽቶው ገባ፤ ሄንግኪም ተከተለ። "ፈረምሽ?"

"እስክሪብቶ አጣሁ።"

"እኔ ልስጥሽ።"

"ያንተ ቀለም አይስማማኝም።"

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነ። "ሌላ የምመረምረው አለኝ ቦስ፤ ጥቂት ቀን ይስጡኝ። ሴትዮዋ የትም አትሄድም።"

የከበደው ካፒቴን ሌክሲን ማሳመን ነበር። "ደግሜ አጥምጄ ለሌባ ላስረክብ?" ብሎ ጮኸ። ዮላም ጮኸች። "አዎ! ትልቅ ትልቁን አምጣ። ካልያዝኩት ጀልባህን እኔ ነኝ ዕድሜዬን ሙሉ የማጥብልህ!" ካፒቴኑ ጀልባዋን፣ ከዚያ ዮላን አየ። ጀልባ ለማጠብ ብላ የምትዋሽ ሴት አልመሰለችውም። ሄደ።

ሲመለስ ያመጣቸው ቱናዎች ወደቡን አፍ አስከፈቱት። መዳቢው ብረቱን ሰክቶ መዘዘ፣ አየ፣ አንደኛ ደረጃ ብሎ አስገባ። ሄንግኪ ዓሣዎቹን ዞሮ ዞሮ አደነቀና ጥርሴን አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ልሂድ ብሎ ወጣ።

ዮላ ስክሪኗ ላይ ተተከለች።

ብዙም አልቆየ። መስመሩ ተለወጠ። ውድቅ። ለጭስ ቤት።

ማኅደሩን ከፈተች።

ዘበኛው ጽፏል። *በድልድዩ የመጣ። የለወጠው፦ ሄንግኪ ቱምቤል።*

"ጥርሱን ነው ያለው?" አለ ሳጅኑ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ እያወጣ። "አሁን ነው የሚያመው።"

ፒካፑ ሲወጣ ተከተለው። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ላይ ወደ ጭስ ቤቶቹ በግራ ነው። ፒካፑ በቀኝ ታጠፈ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው። ሄንግኪ ዕቃ መጫኛው አጠገብ ቆሞ የበረዶ ሣጥኖቹ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ወረቀቱ "ከራሴ ጀልባ፣ ከሄንግኪ፣ በፍቅር" ይላል።

ሳጅኑ ሁለት ጊዜ አነበበው። "የትኛው ጀልባ፣ ቦስ?"

ወደ መጋዘኑ መልሶ፣ ካፒቴኑና ዮላ ባሉበት አስቀመጠው።

"ዓሣውን ማን ይቀበልዎታል?"

"ሱራባያ... ዋናዎቹ።"

"ገዝተው?"

"ስጦታ ነው።" ሄንግኪ ጫማውን አየ። "እዚያ ስሄድ የመንደር ሰው ነው የምባለው። በስብሰባ ላይ ወንበር እንኳ አይስቡልኝም። አንድ ቀን ግብዣ ላይ ጀልባ አለኝ ብዬ ዋሸሁ። እስቲ ዓሣህን አቅምሰን አሉ። ቀመሱ። ከዚያ በየበዓሉ ጀልባህ እንዴት ነች ይሉኛል። ወደ ሱራባያ እናዛውርህ ማለትም ጀምረው ነበር።"

"ለአንድ ወንበር!" አለ ካፒቴን ሌክሲ። ሌላ ቃል ጠፋው።

ዮላ ተጠጋች። "ዘበኛው በድልድዩ እንደማያይ በምን አወቅህ?"

"በአንቺ።" አሁን ቀና ብሎ አያት። "አንዲት መስመር በነካሁ ቁጥር፣ ቦስ ለምን ነካህ እያልሽ ትነዘንዢኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሱራባያ ሆኜ የራሴን ስህተት አረምኩ። ስመለስ ንዝንዝሽን ጠበቅኩ። አልመጣም። በሚቀጥለውም ጊዜ አልመጣም።"

"እና እኔን ልታሳስረኝ?"

"ብትፈርሚ ኖሮ ማንም አይታሰርም ነበር።"

"እኔ ስሜ ነው የሚታሰረው!"

ሳጅኑ ሄንግኪን ወደ መኪናው ሲወስደው የቢሮው ስልክ ጮኸ። ሱራባያ ነው። ድምፁ ማር የሆነ አንድ ትልቅ ሰው።

"ወይዘሮ ዮላ፣ በጣም አኮራሽን። አሁን ነገሩን በሰላም እንዝጋው። የዓሣው መጥፋት በማሽን ብልሽት ነው የሚል አጭር ወረቀት ልከንልሻል። አንቺ የባለሙያ ፊርማሽን ብቻ አኑሪበት። የሥራ አስኪያጁ ወንበርም እኮ ባዶ ነው።"

ወረቀቱ ከማተሚያው እየወጣ ነበር። ዮላ አነሳችው። ካፒቴን ሌክሲ ከበሩ፣ ሳጅኑ ከመኪናው፣ ኦኔስ ከፎርክሊፍቱ ላይ ያዩዋታል።

"ጌታዬ፣ ዓሣው ጣፍጦ ነበር?"

ድምፁ ማር የሆነው ሰውዬ መንተባተብ ጀመረ።

"አልፈርምም" አለች። "ማሽን ዓሣ አይበላም።"

ስልኩን ዘጋችና ወረቀቱን ለሳጅኑ ሰጠችው። እሱም አጥፎ፣ ዳቡ-ዳቡ እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ ከማስረጃዎቹ ጋር አኖረው።