የምታስቆመዋ ቀስት

ዶክተር ባየ የተላጠ ሽቦ እንደጨበጠ ከኮምፒውተሮቹ ጀርባ ተደፍቶ ነበር። ኢንስፔክተር ከድጁ ከሚዛን ተፈሪ ቴፒ እስክትደርስ የከተማው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶ፣ የጄኔሬተር ሠራተኛውን ሻሚልን በካቴና አስሮ ጠበቃት። ከድጁ ደግሞ ተዘጋጅቶ የቀረበላት ወንጀለኛ አይዋጥላትም።

«ወላሂ ጃንጥላ አልነበረም!» አለ ሻሚል። «ጃንጥላ አይቼ ጄኔሬተር የማስነሳ ሰው ነኝ?»

በዚህ የቡና በሽታ ምርምር ቤት መብራት ሲጠፋ ሽቦ የሚነካ ሰው፣ ከግቢው ማዶ ወዳለው የጄኔሬተር ቤት ሄዶ የራሱን ጃንጥላ ማስነሻው ላይ ይሰቅላል። ጃንጥላው ሳይነሣ ማንም አያስነሳም። ቴፒ ላይ ጃንጥላ የሌለው ሰው ስለማይገኝ ደንቡ ለዓመታት ሠርቷል። የባየ ጃንጥላ ግን የተገኘው እዚሁ ቢሮው በር ላይ ነው።

«መስቀሉን ረስቶ ነዋ» አለ ፖሊሱ።

ከድጁ ጎንበስ ብላ የሟቹን ኮት ትከሻ ጨመቀችው። ውሃ ጠብ አለ።

«ዝናቡ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አላባራም። ከቢሮ ባይወጣ ወይም ጃንጥላውን ይዞ ቢመለስ ኖሮ እንዲህ አይበሰብስም። ሰቅሎት ነው በሩጫ የተመለሰው። ከዚያ አንድ ሰው አንሥቶ እዚህ አመጣው። ይህን ልጅ ፍታው።»

የባየ ረዳት ቲቶ ኀዘን ለማስመሰል እንኳ አልሞከረም።

«ስኮላርሺፔን አስከልክሎኛል፤ አላለቅስለትም። መብራት ሲጠፋ ግን ሻይ ቤት ሄድኩ፤ ጠይቂ።»

ከድጁ ግድግዳውን የሞላውን የክብና የቀስት ሥዕል አየች። «ይህ ምንድን ነው?»

«በሽታው የቡና ቅጠልን ሕዋስ ሲነካ፣ ከላይ ያለው ፕሮቲን ለቀጣዩ መልእክት ያቀብላል፤ ያም ለሌላው፤ እስከ መሐል ድረስ። ያኔ ሕዋሱ ይዋጋል። እኛ ያንን ቅብብሎሽ በኮምፒውተር እናስኬደዋለን። አንዱን ፕሮቲን እናወጣና መልእክቱ ያለ እሱ ይደርስ እንደሆነ እናያለን።»

«ይሠራል?»

«አምስት ዓመት አልሠራም። ሕዋሱ አንዴ መዋጋት ከጀመረ አያቆምም፤ ራሱን አቃጥሎ ይሞታል። ሞዴሉን መጀመሪያ የሠራው ጴጥሮስ የሚባል ሰው ነው ይላሉ። ባየ ‹ሰነድ ሰረቀ› ብሎ አባረረው፤ ማጂ በኩል ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓድ ተደርምሶበት ሞተ።» ድንገት ቲቶ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። «ይቺ ቀስት ከየት መጣች? ከታች ተነሥታ የላይኛውን ዝም ታሰኛለች! ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው የገባችው።»

ሻሚል ጄኔሬተሩን ያስነሳው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው ከኮምፒውተሮቹ ጀርባ ሬሳ ተጋድሞ፣ ተረጋግቶ ተቀምጦ ሠርቷል ማለት ነው።

ጸሐፊዋ ሎሚ ዝምተኛ ሴት ናት። መብራት ሲጠፋ ከሻሚል በቀር ከባየ ጋር ግቢው ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ይህን ሥዕል ትረጂዋለሽ?» አለቻት ከድጁ እንደ ዋዛ።

«እኔ ከመተየብ ሌላ ምን አውቃለሁ? መልእክቱ ወርዶ ወርዶ፣ የመጨረሻዋ ተመልሳ ‹በቃ› ትለዋለች። ያው ሲያወሩ እሰማለሁ።»

ከድጁ ግድግዳውን አየችና ወጣች።

በማግሥቱ ጧት ሦስቱንም ኮምፒውተሮቹ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«በእናንተው ዘዴ ሠራሁ» አለች። «እያንዳንዳችሁን እያወጣሁ አየሁ። ሻሚልን ሳወጣው ጃንጥላውም ይነሣል፣ ቀስቷም ትገባለች፤ እሱ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ቲቶን አወጣሁት፤ ሻይ ቤት አሥር ሰው አይቶታል። ሎሚን ሳወጣ ግን ሁሉም ነገር ቆመ። ሎሚ፣ ትናንት ስለምትመለሰው ቀስት ነገርሽኝ። እሷ ግን ግድግዳው ላይ የለችም። ያለችው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው።»

ሎሚ ቀና አለች። «ከዶክተር ባየ አፍ ሰምቼ ነው። ሊጨምራት እንዳሰበ ነግሮኛል።»

ማምለጫው ጥሩ ነበር፤ ከድጁም አልተከራከረችም። ወደ ቲቶ ዞረች።

«እንግዲያው ግኝቱ የሟቹ ነዋ። ግድግዳው ላይ ሳላትና ‹የዶክተር ባየ ቀስት› ብለህ ጻፍባት፤ መዝገቤም ላይ እንደዚያው ትግባ።»

ቲቶ ብዕሩን አነሣ። ሎሚ ወደ ግድግዳው አንድ እርምጃ ቀረበች። አሁን ዝም ብትል ቤቷ ትገባለች።

«እንዳትጽፍ!» ጮኸች። «የወንድሜ ናት! ጴጥሮስ የእናቴ ልጅ ነው፤ በአባት ስለማንገናኝ ማንም አላወቀንም። ያ ሌባ ሞዴሉን ነጥቆ ሌባ አለው! ደብተሩ ላይ ያቺ ቀስት ነበረች፤ ባየ አልገባውም፤ ጣላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ አራት ዓመት ደብዳቤውን እየተየብኩለት ጠበቅሁ። ጃንጥላውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ደግሞም አልጸጸትም!»

ከድጁ አዘነች። ቂሙን አልጠላችበትም፤ የጠላችው ሻሚል ሲታሰር ዝም ማለቷን ነበር፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነገረቻት። ሎሚ ብዕሩን ከቲቶ እጅ ወስዳ ከግድግዳው ሥዕል ላይ የጎደለችውን ቀስት ሳለች፤ ከሥሯም «ጴጥሮስ» ብላ ጻፈች።

ካቴናው ሲገባላት ቲቶ ቀስ ብሎ፣ «ሎሚ፣ ሕዋሱ እኮ መዋጋቱን አቆመ። አልተቃጠለም» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «ትናንት እስኪያቆም ቁጭ ብዬ አይቼ ነው የወጣሁት።»