ስንጥቋን ዘግቼ እመጣለሁ

ከውጭ በብሎን የሚጠረቀምን ክዳን፣ ውስጥ ያለ ሰው ሊዘጋው ይችላል?

እስቲ መልሱልኝ!

አትቸኩሉ። መልሳችሁን ያዙና መጀመሪያ የሆነውን ስሙ።

የሆነ ነገር ነው የምነግራችሁ። ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻ አላላዘነም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ሕፃናት አይስክሬም እየላሱ ይሯሯጣሉ።

ገና ካሁኑ "ፀሐይ መትቶት ነው" ብለህ ልትጽፍ ያሰፈሰፍክ፣ ጣትህን ሰብስብ። የነበርኩት ዛፍ ጥላ ሥር ነው።

ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ነው። ቀድሞ የሳሙና ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ተቃጠለ፣ ፍርስራሹ ተጠረገ፣ ሣር ተተከለ። ከእሳት የተረፈው ብረት ደግሞ ቅርጻ ቅርጽ ሆነ። ከብስክሌት ሰንሰለት የተሠራ አውራ ዶሮ አለ። ከቧንቧ የተሠራች ቀጭኔ አለች። በሩ ላይ በትልቁ "ከውዳቂ ውበት" ተብሎ ተጽፏል።

ውዳቂ!

ይህችን ቃል አትርሱብኝ። እመለስባታለሁ።

መሀል ሣሩ ላይ፣ ዛፉ ሥር፣ ኤሊዋ ተኝታለች። ግዙፍ ናት። እግሮቿ የመኪና ቸርኬ ናቸው። ጭንቅላቷ የበያጅ ጭንብል ነው፤ ጥቁር መስታወቱ ወደ ታች ወርዷል። ልጆች የሚንሸራተቱበት ጀርባዋ ደግሞ የሳሙና መቀቀያ ታንከር ነው። አልተቆረጠም፣ አልተቀነሰም። እንዳለ ነው የተጋደመው።

ያንን ታንከር አውቀዋለሁ...

ታናሽ ወንድሜ የዚያ ፋብሪካ በያጅ ነበር። በግራ እጁ ስለሚሠራ ሰፈሩ ሁሉ "ግራው" ነበር የሚለው። በር ሲያንኳኳ እንኳ የሥራ አመሉ አይለቀውም። በያጅ በይዶ ሲጨርስ የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ እየመታ ያራግፋል አይደል? እሱም በራችንን እንደዚያ ነበር የሚመታው። አንዴ ጠንከር፣ ሁለቴ ፈጠን።

ኳ... ኳኳ።

"አቤት ልጄ!" ትላለች እማዬ ከጓዳ።

"ኧረ ግራ ገባን!" እላለሁ እኔ፣ ከማነበው ነገር ቀና ሳልል።

ጫማውን አውልቆ ይወረውርብኛል። ሁልጊዜ ያችው ቀልድ፣ ሁልጊዜ ያው ሳቅ።

እሳቱ በተነሣበት ቀን ጠዋት ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።

"የትልቁ ታንከር ጀርባ ተሰንጥቋል" አላት እማዬን። "ከላይ አልያዝ ስላለ ውስጥ ገብቼ ነው የምበይደው።"

"እንዳትቆይ።"

"ስንጥቋን ዘግቼ እመጣለሁ።"

አልመጣም።

በማግስቱ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በተሰበሰበ ሰው ፊት ቆመና "እሳቱን የለኮሰው በያጁ ነው፤ ለኩሶ ጠፋ" አለ። አስከሬን አልተገኘም፣ ስለዚህ ሸሽቷል። አያችሁ የተማረ ሰው አመክንዮ!

"ታንከሩ ውስጥስ ታየ?" ብዬ ጮህኩ።

"ክዳኑ ዝግ ነበር" አለኝ። "ዝግ ነገር ውስጥ ምን ይታያል?"

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ለቅሶም የለ፣ ሳቅም የለ። እማዬ ጥቁር አልለበሰችም። ሞተ ያላት የለማ! ጎረቤት "ፋብሪካ ያቃጠለው ልጅ እናት" እያለ ሲያማት እየሰማች፣ ማታ ማታ የእሱን ሳህን ከኛ ጋር ታቀርባለች። እኔ ልጇ ወንጀለኛ እንዳልሆነ ላስመሰክር ከቢሮ ቢሮ "አቤት!" ስል ኖርኩ። አቤት! አቤት! ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሥራ አስኪያጁስ? ተሾመ! ዛሬ የመናፈሻው ሥራ አስኪያጅ ነው። ቢሮው ሣሩ ዳር ነው፤ ሰፊ መስኮት አለው።

እማዬ ወደ መናፈሻው መሄድ የጀመረችው አንዲት ጎረቤት "ትንሽ ተናፈሺ" ብላት ነው። ሄደች፤ ታንከሩን አየች፤ ከዚያ በኋላ ቤት መዋል ተወች። ያን ቀን፣ በሰባት ሰዓቱ፣ ላመጣት እየተበሳጨሁ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው አለ። "አይነካም! አይነካም!" እያለ ሲጮህ ስለሚውል ሰው "አባ አይነካም" ብሎታል።

"አይነካም!" አለኝ፣ ገና ምንም ሳልነካ።

"እናቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"እሳቸውም አይነኩም። ትናንት ተነሡ ብላቸው በጃንጥላ ነው ያሉኝ።"

እማዬ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለኤሊዋ ሰጥታለች። ዓይኗን ጨፍናለች።

"እማዬ፣ ተነሽ እንሂድ።"

"ዝም በል።"

"እንዴ?"

"ዝም በል አልኩህ። እየሠራ ነው።"

"ማን ነው የሚሠራው?"

በአውራ ጣቷ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ኤሊዋ ጀርባ ጠቆመችኝ።

ያኔ ነው ስንጥቁን ያየሁት...

ስንጥቁ ከኤሊዋ አንገት እስከ ጭራዋ ይደርስ ነበር። ወንድሜ ሊዘጋው የገባበት ስንጥቅ ነዋ! መናፈሻው የተከፈተ ቀን በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጥፍሬን ከትቼበታለሁ።

አሁን ግማሹ ተበይዷል።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ብየዳው ላዩ ላይ አልነበረም። የቀለጠው ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ እንደ ላብ ተንጠባጥቦ ነው የረጋው።

የኤሊዋን ጀርባ ዳሰስኩት። ጥላ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ጣቴን ወደ ብየዳው ጫፍ አስጠጋሁ...

አቃጠለኝ!

ከላይ ትንሸራተት የነበረች አንዲት ሕፃን ጆሮዋን ታንከሩ ላይ ለጠፈች።

"እማ" አለች፣ "ኤሊዋ ታስላለች።"

እናቷ ፈገግ አለች። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። ልጅቷን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ሄደች። ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

እኔም ሰማሁ።

ከብረቱ ውስጥ ነው...

ኳ... ኳኳ።

"አቤት ልጄ" አለች እማዬ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ዝም አለ። ጆሮውን አቁሞ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነበር። እንደገና መታ። በዚህኛው ግን ልክ መዳፌን ያሳረፍኩበት ቦታ ላይ...

"ኧረ ግራ ገባን" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ቀረ። ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይመልስልኝ ነበር?

ቀጥታ ኤሊዋን ወደ ሠራት ቀራፂ ዎርክሾፕ ሄድኩ። ጥርሳቸውን ያገጠጡ ማርሾች መካከል ቁጭ ብሎ ሽቦ ያጥፋል። ሰላምታ አልሰጠሁትም።

"የኤሊዋን ስንጥቅ ለምን በየድከው?"

"እኔ? ስንጥቁን እኮ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ያምር ነበር።"

"ማን በየደው ታዲያ?"

"ማንም አልበየደውም። ክፍት ነው።"

"ሄደህ እየው!"

ሽቦውን አስቀመጠ።

"ክዳኑስ የት ነው?" አልኩት።

"በሆዷ በኩል ነው፣ መሬቱ ላይ ተኝታበታለች። በብሎን ተጠርቅሞ ነው የመጣልኝ። ልፈታው መፍቻ ሳነሣ ሥራ አስኪያጁ 'ተወው፣ ባዶ ነው' አለኝ።"

"ባዶ ነበር?"

ሽቦውን መልሶ አነሣ።

"ሰውዬ፣ ባዶ ነበር ወይ?"

"ክሬኑ ሲያነሣው ጋደል አለና..." ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከውስጥ አንድ ነገር ተንሸራተተ። ከዳር... እስከ ዳር።"

"ምን ነገር?"

"ዝገት ነው ብዬ ተውኩት።"

"ዝገት ይንሸራተታል?"

"ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ" አለኝ። "በናትህ ሂድልኝ።"

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ። ገፍቼ ገባሁ። ብቻውን ነበር። ያ ሁሉ መስኮት ባለበት ክፍል፣ መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘግቶ በቀትር መብራት አብርቶ ተቀምጧል።

"ታንከሩን ያስከፍቱ" አልኩት።

"የምን ታንከር?"

"የኤሊዋን። ክዳኑ ይፈታ።"

"እሱ እኮ ውዳቂ ብረት ነው፣ ወዳጄ..." ብሎ ለመሳቅ ሞከረ። ቀጥሎ እኔ ምንም ሳልጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ "ድምፁንም ቢሆን... ብረት በፀሐይ ሲሞቅ ይለጠጣል። የታወቀ ነገር ነው።"

ስለ ድምፅ አንድ ቃል አልተነፈስኩም ነበር!

አንድ ቃል!

"ጥላ ሥር ነው ያለው" አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ጥበቃ ጠርቶ አስወጣኝ። የመጣው አባ አይነካም ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ነካ፤ ክንዴን ይዞ እየሸኘኝ በጆሮዬ አንሾካሾከ፦

"ሣሩን አይተኸዋል?"

"የቱን ሣር?"

"ኤሊዋ የተኛችበትን። ፊቷ ወደ በሩ ነበር እኮ። አሁን..."

አየሁት። ታንከሩ የነበረበት ሣር ገርጥቶ ቀርቷል። ብጫው ምልክት ከጎኗ ታትሟል። ኤሊዋ ዞራለች። ትንሽ፣ እንደ ኤሊ በቀስታ... ፊቷን ወደ ሥራ አስኪያጁ መስኮት እያዞረች ነው።

"ልጆች ገፍተዋት ይሆናል" አልኩ፣ ራሴም ሳላምንበት።

"በክሬን የመጣችዋን?" አለኝ።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። ውዳቂ! ውዳቂ ማለት ወድቆ የተገኘ ማለት ነው፤ ጌታው የጣለው፣ ማንም የማይጠይቅለት። በሥራው ላይ ሳለ የሞተንም ሰው "ወደቀ" እንላለን። ታዲያ እናንተ ከውዳቂ ውበት ሠራን የምትሉ ሰዎች፣ የወደቀውን ማን እንደጣለው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የወደቀበትን ብረት ቀለም ቀብታችሁ ሕፃን ስታንሸራትቱበት ትንሽ አይከብዳችሁም? በምረቃው ቀን ካጨበጨቡት ውስጥ እናንተም አላችሁበት!

ቁጣዬን ልዋጥና ልጨርስ።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ወደ መናፈሻው አልሄደችም። ቤቱን ጠረገች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ትይዩው ተቀመጠች።

"ዛሬ አትሄጂም?" አልኳት።

"እስከ ዛሬ እኔ ሄድኩ" አለችኝ። "ዛሬ ተራው የሱ ነው።"

ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ሮጬ ወጣሁ።

መናፈሻው በር ላይ አባ አይነካም የለም። ወንበሩ ተገልብጧል። ልጆችም የሉም።

ስንጥቁ ተዘግቷል። ከአንገቷ እስከ ጭራዋ፣ አንድም ቦታ አልቀረም። ከብየዳው ላይ ስስ ጭስ ይነሣል።

ኤሊዋ ሙሉ ለሙሉ ዞራለች። ፊቷ ከሥራ አስኪያጁ መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነው። መጋረጃው ትንሽ ገለጥ አለና ተመልሶ ተዘጋ።

ጭንብሉ ደግሞ...

ጭንብሉ እንዳይነቃነቅ ማጠፊያውን ዙሪያውን የበየደው ቀራፂው ራሱ ነው። ጥቁር መስታወቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ነበር።

ዛሬ ግን ወደ ላይ ተነሥቷል።

ከሥሩ ምንም የለም። ባዶ ጨለማ ነው... መስኮቱን የሚያይ ጨለማ።

በያጅ ጭንብሉን ወደ ላይ የሚያነሣው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ?

ሥራውን ሲጨርስ ነው።

ስንጥቋ ተዘግታለች። "ዘግቼ እመጣለሁ" ነው ያለው። ወደ እኛ ቤት ይሁን ወደ ሌላ ሰው፣ አላውቅም። እማዬ በሩን ከፍታ ትጠብቃለች፤ ሌላው ሰው መጋረጃውን ዘግቶ ይጠብቃል።

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ያን ቀን ወንድሜ ታንከሩ ውስጥ ሳለ፣ ክዳኑን ከውጭ ማን ገጠመው? ብሎኑን ማን አጠበቀው? እኔ ስጣራ አልሰሙኝም፤ እናቴ ስትጣራ አልሰሟትም። አሁን የምንጠራዎት እኛ አይደለንም።

ኳ... ኳኳ።

ይሰማዎታል አይደል? እንግዲያው ይውጡና፣ ወንድሜን ወንጀለኛ ባሉበት በዚያው ሕዝብ ፊት ቆመው...

አቤት ይበሉ!