በአዮዲኑ ላይ የተቀባው

ያኒራ የሞተችው ሆስፒታል ውስጥ ነው። እናቷ ትራንሲቶ ከሬሳው አጠገብ፣ ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና ታስራለች። መርማሪ ኦፌሊያ ከዋና ከተማው ከሳን ሳልቫዶር ተጠርታ ስትደርስ ያየችው ይህንን ነው።

«ለማስወረድ ጤና አዳም አጠጥታታለች» አሉ የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ሌሙስ። «ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ። ዐቃቤ ሕጉም መንገድ ላይ ናቸው፤ ቶሎ ይጨርሱልን።»

«ሆዷን ሲቆርጣት ነው ያፈላሁላት» አለች እናትየው ለኦፌሊያ፤ ካቴናው ተንቋቋ። «እኔ ራሴ ስንቴ ጠጥቼዋለሁ! ሠላሳ ዓመት ትታሰሪያለሽ ይሉኛል፣ ልጄ።»

ኦፌሊያ አንሶላውን ገለጠች። ሆዱ ላይ አዮዲን ተቀብቷል። ከአዮዲኑ በላይ የአልትራሳውንድ ጄል ደርቋል። በደረቀው ላይ ደግሞ እርጥብ ጄል አለ።

«የገላ ቀለም ሊያጠኑ ነው እንዴ የመጡት?» አሉ ሌሙስ።

ኦፌሊያ አንሶላውን መልሳ ወጣች። ነርሷን ካንዴላሪያን ኮሪደር ላይ አገኘቻት።

«አዮዲኑን ማን ቀባ?»

«እኔ። ዶክተር ራውዳ አዘውኝ።»

«ታዲያ ለምን አልቀደዷትም?»

«እሳቸውን ይጠይቋቸው፣ እመቤቴ። እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

ራውዳ ወጣት ሐኪም ነው። መቀመጥ አቅቶት ይንጎራደዳል።

«ፅንሱ የት ነበር?»

«የማህፀን ቱቦ ውስጥ።»

«እዚያ ያድጋል?»

«አያድግም። ቱቦውን ያፈነዳል እንጂ።»

«ልቡስ?»

ወለሉን አየ። «ይመታ ነበር።»

ኦፌሊያ ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበች።

«ቱቦ የሚያፈነዳው ሻይ አይደለም። ራውዳ ይህን ስላወቀ ለቀዶ ጥገና አስቀባት። አዮዲን ከተቀባ በኋላ የሚነሳው ምላጭ ነው፤ እዚህ ግን የተነሳው አልትራሳውንድ ነው። ጄሉ ከላይ ነው፤ የደረቀም እርጥብም ስላለ ደጋግማችሁ አይታችኋል። በሽታውን አስቀድማችሁ አውቃችኋል። ታዲያ ምን ቀራችሁ? የፅንሱ ልብ። እስኪቆም ስትጠብቁ ነበር። ራውዳን ከጀመረው ሥራ ሊያስቆም የሚችል ደግሞ እዚህ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሌሙስ ፊታቸው ቀላ። «ልቡ እየመታ ብንቀድዳት በአገሩ ሕግ ነፍሰ ገዳይ እንባላለን! ዋና ከተማ ተቀምጦ ማውራት ቀላል ነው!»

«ፈሩ፤ ይገባኛል። ቱቦው ሲፈነዳስ?»

በእሳቸው ፈንታ ራውዳ መለሰ። «ቀዶ ጥገና ክፍሉ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ እሳቸው ኪስ ነበር። ከቤታቸው እስኪመጡ አለቀች።»

«ከዚያ ካቴናው ወደ እርስዎ እንዳይመጣ በእናትየዋ ላይ ጠቆሙ።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ትራንሲቶን ፈታት። ካቴናውን ማን እጅ ላይ እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ይዞት ቆመ።

ትራንሲቶ የእጇን አንጓ እያሻሸች ወደ ራውዳ ዞረች።

«ስትጠብቁት የነበረው ልብ፣ ከልጄ ልብ ቀድሞ ቆመላችሁ?»

«አልቆመም፣ እማማ» አለ ራውዳ። «የቀደመው የእሷ ነው።»