የሦስት ሰዓቱ ማስጠንቀቂያ

በኅዳር ወር ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ከፖቶማክ ወንዝ የሚነሣው ብርድ አሌክሳንድሪያን በያዘበት ረፋድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡት ጡረተኛው ሻምበል ሠረቀብርሃን አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ከልጃቸው ከብሩክታይት መኪና አልወርድ ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ ያለው፣ እንዲያነቡት የተላከላቸው ረቂቅ መጽሐፍ የቤቱ ባለቤት፣ የፖላንዱ መኮንን ወዳጃቸው የኮሎኔል ቪቶልድ ማዙር ነው፤ ኮሎኔሉ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህል ያመላለሱ የሄሊኮፕተር አብራሪ፣ ኋላም መለዮአቸውን ሰቅለው የጦር ታሪክ ጸሐፊ የሆኑ ሰው ናቸው።

ያን ጊዜ ሻምበሉ ለፖላንዶቹ አብራሪዎች አገናኝ መኮንን ነበሩ። አንድ ቀን እህል የሚወርድበትን ሸለቆ ጉም እንደዋጠው በሬዲዮ አስጠነቀቁ፤ ሄሊኮፕተሩ ግን ተነሥቶ ከተራራ ተላተመ፤ ዩሬክ የተባለ መካኒክም ሞተ። ረቂቁ ታዲያ ምን ይላል? «በረራው ጠዋት በአሥር ሰዓት፤ ማስጠንቀቂያው ከቀትር በኋላ በሦስት። የዘገየው አገናኝ መኮንኑ ነው።» የሬዲዮ መዝገባችንን ሦስት ሰዓት ፈረንጁ በራሱ ሰዓት ቆጥሮት አረፈ! የእኛ ሦስት ሰዓት የእነሱ ጠዋት ዘጠኝ ነው፤ ከበረራው አንድ ሰዓት ቀድሞ።

«አባዬ፣ ኢሜይል አድርግለት ብዬህ ነበር እኮ» አለች ብሩክታይት።

«አብራሪው እሱ ራሱ ነበር፤ ልቡን ደግሞ ታሟል። ነግሬው እጄ ላይ ቢሞትስ?»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ሻምበሉም ነፍሰ ገዳይ ተብለው መቀበሩን ፈሩ፤ ወዳጃቸውን መግደሉንም ፈሩ። በዚያ ብርድ እያላባቸው ወረዱ።

ኮሎኔሉ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንደ ሰኩ ተቀበሏቸው። ሻምበሉ ሰላምታውን አሳጥረው የመዝገቡን ቅጂ ዘረጉ።

«ኮሎኔል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው፤ ይህ ሦስት ሰዓት በእርስዎ ጠዋት ዘጠኝ ነው።»

ኮሎኔሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ወንበራቸውን ተደገፉ፤ ሻምበሉ ሰው ሊጠሩ ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ፣ ሻምበል። ያን ጠዋት የሬዲዮ ሠራተኛው አንድ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር፤ የጭነት ዝርዝር መስሎኝ ሳላነበው ኪሴ ከተትኩት፤ በአደጋውም ጠፋ። ማስጠንቀቂያው ያ ይሆን እንዴ የሚለው ሐሳብ ስንት ዓመት እንቅልፍ ነሥቶኛል መሰለዎ። መዝገቡን ሳገኝ፣ መልእክቱ ለካ ዘግይቶ ነው የደረሰው ብዬ እፎይ አልኩ፤ ሌላውን ሁሉ ሦስቴ የማጣራ ሰው፣ ያንን ግን አላጣራሁም።» ይህን ብለው ረቂቁን ሊያርሙ እርሳሳቸውን አነሡ።

መጽሐፉ በቀጣዩ ዓመት ታተመ፤ ኮሎኔሉ ግን ለማየት አልደረሱም። «ማስጠንቀቂያው በጊዜው ደርሷል፤ አብራሪው አላነበበውም፤ አብራሪውም እኔ ነኝ» የሚለውን አንባቢ ሁሉ ይጠቅሰዋል፤ በየሸለቆው ለተራበ ሕዝብ ያወረዱትን እህል የሚያነሣ ግን የለም። ሻምበል ሠረቀብርሃን ስማቸው ነጽቷል፤ መጽሐፉን በገለጡ ቁጥር ግን ያቺን ገጽ ማንበብ አቅቷቸው ያልፏታል።